እንስቷ አምባዛ በመዝገብ ውስጥ

የአዲስ አበባው ሰፈር ባምቢስ ስሙን የወረሰው እዚያ ከተከፈተው የግሪክ ነጋዴ ሱፐርማርኬት ነው። ጎረቤቱ ካዛንቺስ ደግሞ ሰፈር የሆነው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ተብለው በተሠሩ ቤቶች ነው። በዚያው የወረራ ዘመን ያው መንግሥት ሌላ ቡድን ወደ ጣና ልኮ ነበር። በ1937 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጆቶ ዳይኔሊ መሪነት የተጓዘ የጣሊያን አካዳሚ የጥናት ቡድን ሐይቁን መረመረ። የዓሣው ክፍል ለጆርጆ ቢኒ ደረሰ፤ እርሱም ስለ ጣና ዓሦች የጻፈውን በ1940 አሳተመ። ከገለጻቸው ዓሦች አንዱ እስከ ዛሬ በዳይኔሊ ስም ይጠራል።

ከቢኒ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ጎንደር ድረስ ዘልቆ የጣናን ዓሦች ሰብስቦ ነበር። ሳይንስ የሐይቁን ትልልቅ ነጭ ዓሦች መጀመሪያ በስም ያወቃቸው በእርሱ ነው። ሁለቱም የመረመሩት ከውኃ የወጣ ዓሣ ነበር፤ የሚጽፉትም ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ቅርፊቱ ቁጥር፣ ስለ አፉ አቅጣጫና ስለ ክንፉ አጥንት ነው። ዘመኑ ከሊቃውንቱ የሚጠብቀው ይህን ነበርና አይወቀሱበትም። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ ሴቷ ዓሣ የምትታወቀው እንቁላል በመያዟ ወይም ባለመያዟ ብቻ ነው። በየትኛው ሌሊት ከጥልቁ እንደምትወጣ፣ ወንዱን በምን እንደምትለየው፣ ትናንት የሸሸችውን ዛሬ ለምን እንደምትቀርበው የሚጠይቅ አልነበረም። ጥያቄውን ያነሣው ከእነርሱ በኋላ የመጣ ትውልድ ነው። መልሱ ከተገኘባቸው ዓሦች መካከል ደግሞ በእኛ ሐይቆች የሚኖረው አምባዛ አለ።

አምባዛ ከጣና እስከ ዝዋይ፣ ከሐዋሳ እስከ ጫሞ ይገኛል። ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ልሙጥ፣ ራሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ በአፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጺም ያለው ዓሣ ነው። በስንጥቡ ከሚተነፍሰው ሌላ በቀጥታ ከአየር የሚስብበት አካል ስላለው ሌላው ዓሣ በሚያልቅበት ድፍርስ ውኃ ውስጥ ይቆያል። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳ ስለምትከለክል ብዙው የኦርቶዶክስ አማኝ አይበላውም። የጣና ዳር አጥማጆች አድርቀው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲልኩት ኖረዋል። ሳይንሳዊ ስሙን ክላሪያስ ጋሪፒነስን ያገኘው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ በ1822 የገለጸው በርቸል ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ለረጅም ጊዜ ክላሪያስ ላዜራ እየተባለ እንደ ሌላ ዝርያ ሲቆጠር ቆይቶ በ1980ዎቹ በቤልጂጋዊው ጋይ ቴውግልስ ጥናት ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ ከኬፕ እስከ ናይል ስለዚህ ዓሣ የተጻፈው ሁሉ የእኛንም ሐይቅ ይመለከታል።

የመራቢያ ጠባዩን በዓይን አይተው ከጻፉት መካከል የማይክል ብሩተን ሥራ ጎልቶ ይታያል። ብሩተን በደቡብ አፍሪካ በሲባያ ሐይቅ ዳር ያየውን በ1979 ዘርዝሮ አሳትሟል። ዝናብ ዘንቦ ውኃው ወደ ዳርቻው ሣር ሲወጣ አምባዛዎቹ በሌሊት ከጥልቁ ተነሥተው ጀርባቸውን ለመሸፈን እንኳ እምብዛም ወደማይበቃ ጥልቀት ይመጣሉ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከተጣመሩ በኋላ ወንዱ ገላውን እንደ ቀለበት አጥፎ የሴቷን ራስ ያቅፋል። ለጥቂት ሰከንድ እንዲሁ ጸንተው ይቆያሉ፤ እንቁላሉና የዘር ፈሳሹ የሚወጣው በዚያች ቅጽበት ነው። ወዲያው ሴቷ ጭራዋን በኃይል እያማታች እንቁላሉን በሰፊው ትበትነዋለች፤ እያንዳንዱ ፍሬ ሣሩ ላይ ይጣበቃል። ትንሽ አርፈው እንደገና ይጀምራሉ። ሌሊቱ ሲያልፍ ሁለቱም ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ እንቁላሉን የሚጠብቅ የለም፤ ጫጩቶቹ ውኃው ሞቃት ከሆነ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላሉ።

ይህን ገለጻ ሳነብ የሚይዘኝ የሴቷ ድርሻ ነው። እንቁላሉን የምትበትነው ራሷ ናት። እዚያ ሣር ድረስ የወጣችውም ማንም ሳያስገድዳት ነው። ለወራት ከወንዱ ጋር በአንድ ሐይቅ ስትኖር ያልነበራት ፍላጎት በአንዲት ሌሊት ከየት መጣ?

ወደ መልሱ የሚወስደው የመጀመሪያው መንገድ የተከፈተው በደቡብ አሜሪካ ነው፤ የከፈቱት ሰዎችም የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር። አርጀንቲናዊው በርናርዶ ሁሳይ በ1930 ከዓሣ አንጎል ሥር ያለውን ፒቱታሪ የሚባለውን ትንሽ ዕጢ አውጥቶ ጭማቂውን ጽንስ ለያዘች ሌላ ትንሽ ዓሣ ወጋት፤ ጫጩቶቿን ያለጊዜያቸው ወለደች። ብዙም ሳይቆይ የብራዚሉ ሮዶልፎ ፎን ኢሄሪንግ በዚያው ዘዴ በኩሬ ውስጥ እንቁላል አልጥል ያሉ የወንዝ ዓሦችን አስጣለ። በሶቭየት ኅብረት ገርቢልስኪ በስተርጅን ላይ ተጠቀመበት፤ በ1957 ደግሞ በሕንድ ሂራላል ቻውዱሪ የአገሩን ካርፕ በዚሁ መንገድ አራባ። ዘዴው ለዓሣ እርባታ ትልቅ በር ከፈተ። ነገር ግን የእነዚህ ሁሉ ዓላማ እንቁላሉ እንዲወጣ ነበር፤ መርፌው የሴቷን ጠባይ ይለውጥ አይለውጥ ዋና ጉዳያቸው አልነበረም።

ጠባዩን ራሱን ጥያቄ ያደረጉት በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ሮቢን ላይሊ የመረጠው ጋፒ የምትባለውን፣ ጫጩት የምትወልድ ትንሽ ዓሣ ነበር። የጋፒ ወንድ ዓመቱን ሁሉ ሴቷን ይከተላል፤ ቀለሙን እያሳየ ፊቷ ይንቀጠቀጣል። እርሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትሸሸዋለች። የምትቀበለው ገና ወንድ ሳታውቅ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ላይሊ በ1968 ባሳተመው ጥናት ፒቱታሪ ዕጢዋ ሲወጣ ይህ መቀበል እንደሚዳከም አሳየ፤ በ1972 ደግሞ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲሰጣት መልሳ ወንዱን እንደምትቀበል ገለጸ። ወንዱ ያው ነው፤ ጭፈራውም ያው ነው። የተለወጠው በደሟ ውስጥ ያለው ነገር ነበር።

የላይሊ ባልደረባ ኖርማን ስቴሲ ወደ ወርቃማ ዓሣ ዞረ። ከላይሊ ጋር በ1974 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ሙከራ በቀላልነቱ የሚደንቅ ነው። እንቁላሏ በስሎ ከእንቁልጢው የተላቀቀላት ሴት ወርቃማ ዓሣ ከወንዱ ጋር እየተጎዳኘች ወደ ውኃ ውስጥ ተክል ትወጣለች፣ እንቁላል የመጣል እንቅስቃሴዋን ታደርጋለች። ሆዷን በእጅ ጨምቀው እንቁላሉን ቢያወጡባት ጠባዩ ይቆማል። ከሌላ ሴት የተወሰደ እንቁላል በመውጫዋ በኩል መልሰው ቢያስገቡባት ወዲያው ትጀምራለች። ያላበሰለች ሴት እንኳ በተበደረችው እንቁላል እንቁላል እንደምትጥል ሆና ትንቀሳቀሳለች።

ስቴሲ በ1976 አንድ እርምጃ ጨመረ። በሰውነት ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይሠራ የሚያግደውን ኢንዶሜታሲን የተባለ መድኃኒት ሲሰጣት፣ እንቁላሉ በሆዷ እያለ ጠባዩ ጠፋ። ፕሮስታግላንዲን ኤፍ ሁለት አልፋ የተባለውን ሲወጋት ግን እንቁላል በሌላት ሴት ላይ እንኳ ጠባዩ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ። ነገሩ በዚህ ተያያዘ፦ የተላቀቀው እንቁላል መተላለፊያውን ሲነካ ፕሮስታግላንዲን ይመነጫል፤ ይህ በደም ተጉዞ አንጎል ሲደርስ ሴቷ ወደ ወንዱ ትዞራለች። የእንቁላሉ መዘጋጀትና የሴቷ ፈቃድ ጊዜያቸው የሚገጥመው በዚህ ነው። በ1988 ፒተር ሶረንሰን ከስቴሲና ከሌሎች ጋር ሆኖ ያው ንጥረ ነገር ከሴቷ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወንዱ እንደሚያሸተውና እንደሚነሣሣበት አሳየ። አንዱ መልእክት ለራሷ አንጎልም ለወንዱ አፍንጫም ይደርሳል ማለት ነው።

ከስቴሲ የ1976 ሙከራ አርባ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ስኮት ጁንቲና የስታንፎርድ ባልደረቦቹ በታንጋኒካ ሐይቅ ዓሣ ላይ የዚህን ንጥረ ነገር መቀበያ የሚሠራውን ጂን አበላሹ። ሴቶቹ እንቁላል ቢያዘጋጁም ከወንድ ጋር መጣመሩን ተዉት። የታንጋኒካው ዓሣ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዘመድ ነው፤ በጣና የሚኖሩት ነጭ ዓሦች ደግሞ ከወርቃማው ዓሣ ጋር ከአንድ ቤተሰብ ይመደባሉ።

አሁን ወደ አምባዛ እንመለስ። በ1970ዎቹ መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ፣ በባንጊ፣ አምባዛን በኩሬ ለማርባት የተጀመረው ሙከራ የኔዘርላንድ ዩኒቨርሲቲዎችን ትኩረት ሳበ። ዋገኒንገን የእርባታውን ዘዴ ሲያጠና ዩትሬክት የሆርሞኑን ነገር ያዘ። የሁለቱም መነሻ አንድ ችግር ነበር፤ በኩሬ ያደገች ሴት አምባዛ ሆዷ በእንቁላል ይሞላል፣ እንቁላሉን ግን አታላቅቅም። ዝናቡና የሚጥለቀለቀው ሣር በሌለበት የመጨረሻው ትእዛዝ ከአንጎል አይወጣም። የዩትሬክት ሰዎች በ1985 እንዳሳዩት ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር ፒቱታሪውን ያግዳል። ዶፓሚንን የሚከለክል መድኃኒት ከሰው ሠራሽ ሆርሞን ጋር ሲሰጣት እንቁላሉ ይላቀቃል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ጠባይዋ የዞሩት። ቀደም ሲል፣ በ1983፣ የዩትሬክቱ ፋን ደን ሁርክ ከላምበርት ጋር በዜብራ ዓሣ ላይ ባደረገው ጥናት ከሴቷ እንቁልጢ የሚወጡ ስቴሮይድ ግሉኩሮናይድ የተባሉ ውሁዶች ወንዱን እንደሚስቡ አሳይቶ ነበር። በአምባዛ ግን የተገኘው የተገላቢጦሹ ነው። ያን ሬሲንክ፣ ፋን ደን ሁርክና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ሙከራ እንቁላሏ የተላቀቀላት ሴት የወንድ ሽታ ወዳለበት ውኃ ትሄዳለች። ሽታው ከየት እንደሚወጣ ፈልገው የደረሱት ወንዱ ከዘር ፍሬው አጠገብ በያዘው፣ እንደ ጣት በተዘረጋ የዘር ፈሳሽ ከረጢት ላይ ነው። ያ ከረጢት የወጣለት ወንድ አይስባትም። በ1989 ደግሞ የከረጢቱን ፈሳሽ ተንትነው በውስጡ ስምንት ስቴሮይድ ግሉኩሮናይዶች አገኙ፤ ከእነዚህ አንዱ በአፍንጫዋ ነርቭ ላይ ከሌሎቹ የበረታ ሆነ።

በእነዚያው ዓመታት የዋገኒንገን ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ጨመሩ። ፋን ዊርድና ባልደረቦቹ የወንዶች ውኃ የሚደርሳቸው ወጣት ሴቶች እንቁልጢያቸው ይበልጥ እንደሚያድግ አዩ። እንግዲህ የወንዱ ሽታ ሁለት ሥራ አለው። በወራት ርቀት የሴቷን እንቁልጢ ያሳድጋል፤ በመጨረሻው ሌሊት ደግሞ ወደ እርሱ ይጠራታል። ጥሪው የሚሰማው ግን በራሷ ሆርሞን የተዘጋጀች እንደሆነ ነው። በአንድ ውኃ ውስጥ ሁለት ሴቶች ቢኖሩ አንዷ ልትሄድ ሌላዋ ላትሄድ ትችላለች፤ ልዩነቱ በሆዳቸውና በደማቸው ነው።

ማስረጃውን መመዘን ያስፈልጋል። የኔዘርላንዱ ሥራ የተሠራው በገንዳ ውስጥ፣ በእርባታ ባደገ ዓሣ ላይ ነው። የብሩተን ምልከታ በመስክ ላይ ያለ ሆርሞን መለኪያ የተደረገ ነው። ሁለቱን ስናቀራርብ ግን የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። በሌሊት፣ በድፍርስ ውኃ፣ በሣር መካከል ዓይን ብዙ አይረዳም፤ እርሷን እስከ ወንዱ የሚያደርሳት ሽታ መሆኑ በገንዳው የታየውን በሣሩ ከታየው ጋር ያስታርቃል። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ከመዝገቡ የሚርቅ አይመስለኝም።

የተገኘው ዕውቀት በእርባታ ጣቢያ የወሰደው መልክ ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣው የአምባዛ እርባታ መመሪያ አሠራሩን በዝርዝር ያስተምራል። ለአንድ ኪሎ ሴት አምባዛ 4 ሚሊግራም ያህል የደረቀ የካርፕ ፒቱታሪ ተፈጭቶ በጨው ውኃ ተበጥብጦ ጀርባዋ ላይ ይወጋል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው፦ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 21 ሰዓት፣ በ25 ዲግሪ 11 ሰዓት፣ በ30 ዲግሪ 7 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰዓቱ ሲደርስ ሠራተኛው ሴቷን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ ሆዷን ወደ ጭራዋ በቀስታ ሲገፋ እንቁላሉ እንደ ማሽላ ፍሬ ወደ ደረቅ ሳህን ይፈስሳል። ወንዱን ግን እንዲህ መጭመቅ አይቻልም፤ ያ የዘር ፈሳሽ ከረጢት አያስወጣም። ስለዚህ ወንዱ ይታረዳል፣ የዘር ፍሬው ወጥቶ ይቆራረጣል፣ ፈሳሹ እንቁላሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሴቷን ይጠራ የነበረው ከረጢት ከሆድ ዕቃው ጋር ይጣላል።

ዘዴው ጠቃሚ ነው። በሰበታና በባሕር ዳር ያሉት የዓሣ ምርምር ማዕከላትም አምባዛን በሆርሞን መርፌ ለማራባት ሠርተዋል፤ ጫጩት ለሚፈልግ ገበሬ ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም። መታወቅ ያለበት መርፌው የሚተካው ምን እንደሆነ ነው። መርፌው ዝናቡን፣ ሣሩንና የወንዱን ሽታ ተክቶ እንቁላሉን ብቻ ያላቅቃል። ሴቷ የመጣችበት ጉዞና በየሣሩ የበተነችው እንቁላል ከሥራው ውጭ ናቸው። ጣቢያ ያለው አገር ሐይቁ ቢጎዳም ዓሣ አያጣም የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ የሐይቅ አምባዛ ቁጥሩን የሚጠብቀው በዚያ ጉዞ ነው።

የቆሮሶ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ግን ወደዚያው ያደርሳል። የቆሮሶ ወንድ በአሸዋ ላይ ጎድጓዳ ቆፍሮ ይጠብቃል። ሴቷ ዞር ዞር ብላ ታያለች፣ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ለቅማ ይዛ ትሄዳለች። በፖርቱጋል የአልጋርቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሞዛምቢክ ቆሮሶን አጥንተው በ2007 ወንዱ በሽንቱ ማዕረጉን እንደሚያስታውቅ አሳዩ። በ2014 ደግሞ ቲና ኬለር ኮስታና ባልደረቦቿ በሽንቱ ውስጥ ያሉትን ሁለት ውሁዶች ለዩ፤ እነርሱም ግሉኩሮናይድ የተያያዘባቸው ስቴሮይዶች ናቸው። ሴቷ ሲሸታት በደሟ ውስጥ እንቁላል የሚያበስለው ሆርሞን ይጨምራል። የጠንካራው ወንድ ሽታ የሴቷን ሰዓት ያፋጥናል ማለት ነው። የኛ ቆሮሶ ከዚህ ዓሣ ጋር በአንድ ወገን ነው፤ የጣናው ደግሞ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ መሆኑን ሰይፉ ስዩምና ኧርቭ ኮርንፊልድ በ1992 መዝግበዋል።

ስለ ቆሮሶ በአገራችን ከተደረጉት ጥናቶች ለባምቢስ ነዋሪ በጣም የሚቀርበው የደመቀ አድማሱ ነው። ደመቀ በ1996 ሃይድሮባዮሎጂያ በተባለው መጽሔት የሐዋሳን ቆሮሶ የመራቢያ ወቅት አሳተመ። ዓሣው በየወሩ ጥቂት ቢራባም የሚበረታው በሁለት ወቅት ነው፦ ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም። የዓቢይ ጾም ሳምንታት ከመጀመሪያው ወቅት ጋር ይገናኛሉ። ዓሣን በጾም የሚበሉ ምእመናን ባሉባት አዲስ አበባ በእነዚያ ሳምንታት የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ጥብስ ጠያቂው ይበዛል፤ የካዛንቺስና የባምቢስ ምግብ ቤቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ከተማው አብዝቶ የሚያስጠምደው ሴቷ ቆሮሶ እንቁላል በሆዷ ወይም ጫጩት በአፏ በያዘችበት ወራት ነው። በአፏ የያዘች ሴት መረብ ሲይዛት ጫጩቶቿን ትተፋለች፤ ከእርሷ ጋር የዘር ተስፋዋም ይጠፋል።

የጣና ነገር ይበልጥ ይከብዳል። በ1986 ከኔዘርላንድ በመጣ ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ቀድሞ በደንገል ታንኳ ዳርቻውን ብቻ ይደርስ የነበረው ማጥመድ ወደ መካከሉ ዘለቀ። በዚያው ዐሥርት የዚያው አገር ሊቃውንት በዩትሬክት ገንዳ የአምባዛን ሽታ እየተነተኑ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች እርስ በርስ አልተነጋገሩም። ከዚያ በኋላ የዋገኒንገኖቹ ናገልከርከና ሲቢንግ በጣና 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎችን ለዩ፤ በዓለም ሌላ ቦታ የማይታወቅ የዝርያዎች ስብስብ ነው። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ያህል መውደቁን ገልጸዋል። መንሥኤ ብለው ካነሡት ዋናው ዓሦቹ ለመራባት በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ መያዛቸው ነው። ላይ ወንዙ ውስጥ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ላይ ይበተናል፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል።

አምባዛዋም ከዚህ አታመልጥም። የጣና አምባዛ በክረምት ወደ ፎገራና ወደ ደምቢያ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ይወጣል። ተስፋዬ ውድነህ በ1998 በዋገኒንገን ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ የባሕር ዳር ወሽመጥን ዓሦች ሕይወትና አጠባበቅ አጥንቷል፤ ከጣና ዓሦች ጋር የተያያዘ ጥያቄ የሚያነሣ ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። በፎገራ ከ1980ዎቹ ወዲህ ሩዝ ተስፋፍቷል። ለገበሬው እንጀራ ሆኗልና በሩዙ አይፈረድም፤ ነገር ግን አምባዛዋ የምትፈልገው ሣር የሚተኛበት ጎርፍ ቦታው እየጠበበ ሄዷል። ከ1996 ጀምሮ በዓባይ መውጫ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ከፍታ ይወስናል፤ በ2010 የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተጨምሯል። በ2003 ሐይቁ በጣም ወርዶ ጀልባዎች ለመጓዝ ተቸግረው ነበር። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ሸፍኗል፤ ያም ዓሣው የሚራባበት ዳርቻ ነው።

ከመዝገቡ የምንረዳው እንግዲህ ይህ ነው። ሴቷ አምባዛ የምትራባው እንቁላሏ ሲላቀቅ፣ ደሟ ሲዘጋጅ፣ የወንዱ ሽታ ሲደርሳትና ጥልቀት የሌለው ሣራማ ውኃ ስታገኝ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ አይበቁም። ሆርሞኑን በጠርሙስ መግዛት ይቻላል፤ ሣሩን ግን አይቻልም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በእኛ አቆጣጠር ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚጠብቀው በየሐይቁ መፈጸሙን ነው። የአማራ ክልል የዓሣ ሀብት ኃላፊዎች ከሐምሌ እስከ መስከረም የጉማራን፣ የርብን፣ የመገጭንና የግልገል ዓባይን አፍ ከመረብና ከብርብራ ነጻ ያድርጉ፤ በፎገራና በደምቢያ ዓሣው የሚወጣባቸውን ሣራማ ዳርቻዎች ለይተው ያስከብሩ። በባምቢስና በካዛንቺስ ዓሣ የምታቀርቡ ምግብ ቤቶችም በጾሙ ሳምንታት ዓሣ ሲመጣላችሁ ከየትኛው ሐይቅ፣ በምን መረብ እንደተያዘ ነጋዴውን ጠይቁ፤ ሆዷ በእንቁላል የተሞላ ቆሮሶ የሚያመጣላችሁን አትቀበሉ።